የኦቦ ነገሳ ጋቢ

ሄመን ሰው መናቅ የጀመረችው ሳህሉ ቢሮ ከተቀጠረች በኋላ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ትችልበት ነበር። ሳህሉ ግን ነገሩን አቀለለላት።

ሳህሉ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የብረታ ብረት መደብር በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ለድርጅቶች ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ነው። ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። የሚያውቀው «ክሊክ» የምትለዋን ቃል ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውንም ሦስት ሳምንት የሚፈጀውንም «አንድ ክሊክ እኮ ነው!» ይላል። ሄመን ኮዱን ትጽፋለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ ቀለም ያስቀይራታል። በልቧ «ጠቋሚ ጣት» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ከዚያ ጣት በቀር ሥራ ላይ የሚውል አካል አላየችበትምና።

ዕዝራ የመጣው በ2008 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ረዘም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከከምባታ መጥተው ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። የእሱ ሥራ ፎቶ መቁረጥ ነው፤ ማለትም ከሰውየው ወይም ከዕቃው ኋላ ያለውን አጥፍቶ፣ ምስሉ ገጽ ላይ ሲያርፍ የገጹ ቀለም ብቻ ዙሪያውን እንዲታይ ማድረግ።

ሄመን አንዴ አየችውና ናቀችው። በመጀመሪያው ቀን የአንዲት ላም ፎቶ ሰጥታው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዳ ብታየው ገና ጭራዋ ላይ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ ጭራ ላይ ነህ?»

«ጆሮዋን ጨርሻለሁ» አለ።

«ዋንዱን አንዴ ብትነካው እኮ ያልቃል።»

ዋንድ የምትለው ፎቶሾፕ ውስጥ ያለችውን አስማተኛ ዘንግ ነው፤ አንድ ቦታ ሲነኳት ያንን ቀለም የሚመስለውን ሁሉ ጠርጋ የምታወጣውን።

«ዋንድ ጭራና ግድግዳ አይለይም። የሚያውቀው ቀለም ብቻ ነው» አለ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ፔን በሚባለው መሣሪያ ነጥብ ከነጥብ እያያያዘ በጠርዙ ይሄዳል፤ ልብስ በመርፌ እንደሚጠቅም ሰው።

«ላሟ እንደሆን ጭራዬ ጎደለ ብላ አትከስህም።»

«አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ አሉ። ጭራዋ የጎደለ ላም ብታዪ አትስቂም?»

ሄመን በእርግጥ ትስቃለች። አባቷ ሱሉልታ ላይ አሥራ አራት ላም አላቸው፤ የእያንዳንዷን ጭራ ታውቀዋለች። መልስ ያሳጣትን ሰው ደግሞ አትወድም፤ ስለዚህ ሌላ የምትንቀው ነገር ፈለገች፤ አገኘችም። ከላሟ ሥር ያለው ስክሪን በሙሉ ቀይ ነው፤ ዓይን የሚወጋ ቀይ።

«ይሄስ ምንድን ነው? ሥጋ ቤት ከፈትክ?»

«ሁልጊዜ ከሥር ቀይ አደርጋለሁ። ነጭ ላይ ስህተት ይደበቃል። ቀይ ላይ ግን አንዲት ፀጉር አታመልጥም። ሲያልቅ ቀዩን አነሳዋለሁ።»

«አስቀያሚ ነው።»

«አዎ» አለ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንደ እጁ የማይቸኩል ነበር። ሄመን ወደ ወንበሯ ተመልሳ አንድ መስመር ኮድ አራት ጊዜ ጻፈች፤ አራት ጊዜም ሰረዘች።

በኅዳር ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላኑ ሆነ። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በአንድ ዕቅድ ይያዛሉ ተብሎ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ፤ መንገድ መዘጋት ጀመረ፤ እገሌ የሚባል ልጅ ሞተ የሚል ስልክ ይደወላል። ሳህሉ በዚህ መሀል ከየት እንዳገኘው የማይታወቅ ካርታ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ይኼ ሁሉ ከተማ ሲሆን ስንት ሪል እስቴት ድረ ገጽ እንደሚፈልግ አስቢው!» አለና እጁን አሻሸ።

ሄመን ካርታው ፊት ቆመች። የአባቷ ሜዳ ያለበት ቦታ ሐምራዊ ተቀብቷል። ላም የለም፣ የሳር ክምር የለም፣ ቤት የለም። ወንዙ እንኳ ተቃንቷል።

«ይኼን የሠራው ሰው በዋንድ ነው የሠራው» አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

ዕዝራ ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። ካርታውን ብዙ አላየውም፤ እሷን ነው ያየው።

«አንድ ቦታ ነካ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የሚመሳሰለውን ሁሉ ጠረገው።»

ያን ቀን ምሳ አብረው በሉ።

ከዚያ በኋላ ከቡራዩ አንድ ታክሲ ይዘው መውጣት ለመዱ። እሷ ሱሉልታ፣ እሱ ሰበታ ስለሆኑ ሁለቱም ወደየቤታቸው የሚገቡት አዲስ አበባን አቋርጠው ነው፤ መንገዳቸው የሚለየው ዊንጌት ላይ ነው። ዊንጌት ሲደርሱ ሄመን የሚመጣውን ታክሲ ሁሉ ትንቀዋለች። «ይኼ ሞልቷል» ትላለች፤ ባዶ ወንበር በመስኮቱ እየታየ። «ይኼኛው ሹፌሩ ይፈጥናል።» ዕዝራ አይከራከራትም። ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዙሮ አብሯት ይቆማል።

በኅዳር መጨረሻ የሱሉልታ ወተት አምራቾች ማኅበር ሥራ መጣ። አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት አሉት፤ ሊቀመንበሩ የሄመን አባት ኦቦ ነገሳ ናቸው። ድረ ገጹ ላይ የሁሉም ፎቶ ይውጣ ተባለ። ዕዝራ ካሜራ ይዞ ከሄመን ጋር ሄደ። ግቢው ጭቃ ስለነበር ያነሣቸው ኖራ በተቀባው በወተት መረከቢያው ግድግዳ ሥር ነው። አሥራ አንዱም የክት ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል።

ዕዝራ ግድግዳውን አየ፤ ጋቢዎቹን አየ።

«ነጭ በነጭ» አለ ለሄመን በጆሮዋ። «ዋንድሽ እዚህ ቢመጣ ሰው አይተርፍም።»

ኦቦ ነገሳ ከወዲያ ሲያዩት ቆይተው ጠጋ አሉ። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የአቶ ታመነ ልጅ ነኝ፣ ኦቦ። ከሰበታ።»

«ከሰበታስ በፊት?»

«ከከምባታ።»

«ሩቅ ነው» አሉ ኦቦ ነገሳ። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄዶ ተመለሰ፤ እሷም አየችው።

ወደ ቢሮ ሲመለሱ ዕዝራ ታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ካሜራውን አቅፎ ተቀመጠ። አዲሱ ገበያ ሊደርሱ ሲሉ «ሥራውን ካስረከብን በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤአለሁ» አለ። «ብልክ ምን ትያለሽ?»

ሄመን በመስኮት አየች። ጉንጯ እንደጋለ እንዳያይባት ነው። «የላም ጭራ ለመቁረጥ አንድ ቀን የሚፈጅ ሰው ሽማግሌ ለመላክ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

«እኔ እሺ ብልም አባዬ አለ። ሩቅ ነው ሲል አልሰማህም? ሥራህን ይይ መጀመሪያ። አባዬ ሰው የሚያውቀው በእጁ ነው።»

«እንግዲያው የእሳቸውን መጨረሻ ላይ ነው የምሠራው» አለ። «ተረጋግቼ።»

እንዳለውም አደረገ። አሥሩን በሁለት ሳምንት ጨረሰ። የጋቢውን ጥለት፣ የዱላውን እጀታ፣ የሽበቱን ጫፍ ሁሉ አንድ በአንድ ተከትሎ አወጣ። የቀሩት ኦቦ ነገሳ ብቻ ነበሩ። ገጹ ለማኅበሩ የሚታይበት ቀን ዋዜማ ላይ ግን መንገዱ ተዘጋ።

«ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደርድሯል» አለ በስልክ። «አንድም ታክሲ የለም። ነገ ከተከፈተ በጠዋት ቀጥታ ሱሉልታ እመጣለሁ፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ እሠራዋለሁ። ሄመን፣ አደራ፣ የአባትሽን ፋይል አትንኪው።»

ስልኩን እንደዘጋች ጠቋሚ ጣት ከኋላዋ ቆሟል። «አንድ ክሊክ እኮ ነው!»

ሄመን ሳህሉን ትንቀዋለች። ግን ያን ቀን ሰምታው ከፈተችው። የገጹ መደብ ነጭ ስለሆነ ከሥር ነጭ አደረገች፤ ቀዩን ዓይኗ አልወደደውም። ዋንዱን ግድግዳው ላይ አንዴ ነካችው። ግድግዳው ጠፋ። አባቷ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ የጋቢው እጥፋት እንኳ ሳይቀር፣ ንጹሕ ሆነው ቆሙ። ሰዓቷን አየች፤ አራት ደቂቃ። ለዚህ ነው አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጀው! በፍቅርም ቢሆን ናቀችው።

ደወለችለት። «ጨረስኩት።»

ዕዝራ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሥር ቀይ አድርገሽ አየሽው?»

«አየሁት» አለች።

በማግሥቱ የማኅበሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ኮሚቴው ከፊት፣ ሚስቶችና ጎረቤቶች ከኋላ። ዕዝራም ጫማው አቧራ ጠጥቶ፣ ግማሹን በእግሩ መጥቶ ደረሰ። ሳህሉ ማይክ ይዞ ስለ ዘመናዊነት ሲናገር ቆየና ገጹን ግድግዳው ላይ አበራው። ሄመን ደነገጠች። ገጹ አረንጓዴ ነው።

«ለወተት አረንጓዴ ይሻላል ብዬ ጠዋት ቀየርኩት» አለ ሳህሉ፤ ለሕዝቡ እየሳቀ። «አንድ ክሊክ!»

አሥር ገበሬዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አረንጓዴው ላይ ወጡ። በመካከላቸው፣ ሊቀመንበር ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ የኦቦ ነገሳ ጭንቅላት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ሁለት እጆች ዱላ ይዘዋል። በመሀል ጋቢው የነበረበት ቦታ የሸረሪት ድር የመሰሉ ግራጫ መስመሮች ብቻ ቀርተዋል። የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ነጭ ገጽ ላይ ጋቢ ሆኖ የታያት የገጹ ንጣት ነበር። ዋንዱ ግድግዳውን ሲጠርግ ጋቢውንም ይዞት ሄዷል።

«ውይ!» አለች ተረፈች የምትባለው ጎረቤታቸው። «ነገሳን ምን በላው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወዲያው ሳቁ ሞተ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ ኦቦ ዲሪባ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ተናገሩ፤ «ምን ይገርማል? መሬቱን ሲወስዱት የምንቀረው እንዲህ ነው። ጭንቅላትና እጅ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ያን ሰሞን ስህተት በስህተትነቱ የሚታይበት ጊዜ አልነበረም። ኦቦ ነገሳ ተነሡ። «ይኼን የሠራው ማነው?»

የሳህሉ ጣት ለሥራ ተነሣች። «ፎቶ የሚቆርጠው እሱ ነው» አለ፤ ወደ ዕዝራ እየጠቆመ።

ዕዝራ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሄመንን አያት። አንዴ ብቻ። ነገሩን ሁሉ እንዳወቀው አወቀች።

«አዎ» አለ። «የእኔ ስህተት ነው፣ ኦቦ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አሥሩን አሟልተህ እኔን ብቻ?» አሉ ኦቦ ነገሳ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ሀገር ሰጠንህ፣ ፊታችንን ሰጠንህ። አንተ አካሌን የት ጣልከው? ሂድ። ሰው ሆነህ ማደግ ሲያቅትህ ሰው ታጎድላለህ።»

ሄመን አፏን ከፈተች። ተረፈች እዚያ ተቀምጣለች፤ ኦቦ ዲሪባ ተቀምጠዋል፤ መንደሩ ሁሉ ያያል። «የገዛ ልጁ ናት» ሲባል ታያት። አፏን ዘጋችው።

ውጭ ታክሲ ሲጠብቅ ደረሰችበት። ያፈረ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣች። «ማን ጠየቀህ? እ? ማን ተሰደብልኝ አለህ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ ተሰድቤ እሄዳለሁ። አንቺ ነገም እዚህ ነሽ።»

«ደግነትህ ያስጠላል!»

ታክሲው ሲቆም አንድ እግሩን አስገብቶ ዞረ። «ቀዩን አላየሽውም አይደል?»

ሄመን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። በጭንቅላቱ እሺ እንደሚል ሰው አደረገና ገባ። ያቺን ታክሲ «ሞልታለች» የሚላት አልነበረም።

ሳህሉ ዕዝራን በማግሥቱ አሰናበተው፤ «ጥራት ላይ አልደራደርም» እያለ። ሄመን ስልክ ብትደውል አይነሣም። የሚናቅ ሰው እንዳትፈልግ ያን ሰሞን ቅርቧ አገኘች፤ ጠዋት መስታወት ፊት ትቆማለች፤ እዚያው አለ።

ከሥራ መልስ የአባቷን ፎቶ ከፈተች። ከሥር ቀይ አደረገች። ፔኑን ያዘች። የመጀመሪያው ቀን አንድ እጥፋት እንኳ አላለቀም። ነጩ ጋቢ የት አልቆ ነጩ ግድግዳ የት እንደሚጀምር የሚታየው እስኪበቃ አጉልተው ትንፋሽ ውጠው ሲያዩት ነው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። በስድስተኛው ቀን ማውዙን ትታ አለቀሰች፤ በሰባተኛው ቀጠለች።

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሱሉልታ ላይ ሰው እርስ በርሱ «እውነት ነው?» እየተባባለ ቆመ። ኦቦ ነገሳ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄመን ላፕቶፑን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው። የድሮው ፎቶ ነው፤ ያልተነካው።

«ይቺን ዘንግ ይዘህ ግድግዳው ላይ አንዴ ንካ፣ አባዬ።»

«እኔ?»

«አንዴ ብቻ።»

ኦቦ ነገሳ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ማውዙን ይዘው ነኩ። ሄመን የመደምሰሻውን ቁልፍ ተጫነች። ግድግዳው ጠፋ። አሁን ከሥር ነጭ ስለሌለ ጋቢውም አብሮ መጥፋቱ ታየ። ጭንቅላትና እጅ።

«እኔ ግድግዳውን ነው የነካሁት!»

«እኔም ግድግዳውን ነበር የነካሁት» አለች ሄመን።

ኦቦ ነገሳ ቀስ ብለው ዞሩ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሏት ነው። «ያ ልጅስ?»

«ያን ቀን ሰበታ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶበት። አትንኪው ብሎኝ ነበር። ነካሁት። አይተሽዋል ወይ ሲለኝም አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁት።»

ላሞቹ ከበረቱ ሲተነፍሱ ይሰማል።

«መንካትሽ ምንም አይደለም፤ እኔም ነካሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ስሰድበው ግን አንቺ ዝም ብለሽ ቆምሽ። የእኔ ልጅ?» እንደዚያ አይተዋት አያውቁም። ያ እይታ የራሷ ነበር፤ ሰው ስትንቅ የምታይበት። ከማን እንደወረሰችው ያን ቀን ገባት።

ኦቦ ነገሳ ተነሡ። «ጋቢዬን አምጪ። ስድቡን የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ የምሄደውም እኔ ነኝ። ዲሪባም ይምጣ፤ ሲሰደብ ሰምቷል፣ ሲካስም ይስማ።»

ከሜዳው እርጥብ ሳር ጨብጠው አጨዱ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚይዘው። ሦስቱ ሦስት ታክሲ ቀያይረው አዲስ አበባን አቋረጡ። ጦር ኃይሎች ላይ አንዲት ተሳፋሪ ሳሩን አይታ «አባባ፣ ከብቱ የት አለ?» አለቻቸው።

«ዛሬስ ከብቱ እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ነገሳ። ኦቦ ዲሪባ እስከ አየር ጤና ሳቁ።

ሰበታ በሩን የከፈቱት የዕዝራ እናት ወይዘሮ ተስፋነሽ ናቸው። አላወቋቸውም። ሳሩን ግን አወቁት። «በእኛም ሀገር ሳር የያዘ ሰው ደጅ ላይ አይቆምም። ይግቡ» አሉ።

ዕዝራ ከውስጥ ወጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ኦቦ ነገሳ በሁለት እጃቸው ሳሩን ዘረጉለት።

«ዲፋማ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ። እጄ የለበትም ብትል ምን ነበረ?»

ዕዝራ ሳሩን ተቀብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው ትከሻውን ይዘው አነሡት። ወይዘሮ ተስፋነሽ ምንም ሳይገባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሄመን ላፕቶፑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችለት። አባቷ በጋቢያቸው ሙሉ፣ ከሥር ቀይ።

ዕዝራ ተቀመጠ። አጎላው። እንደገና አጎላው። ጠርዙን ይዞ ከትከሻ እስከ እግር፣ ከእግር እስከ ትከሻ ሄደ። ሄመን በሕይወቷ የሌላ ሰው ፍርድ እንደዚያ ጠብቃ አታውቅም።

«ጆሯቸው ጋ ገብተሽባቸዋል» አለ። «ትንሽ ቆርጠሻል።»

«አልገባሁም።»

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ጎድሏል።»

«የአባዬ ጆሮ እንደዚያ ነው! ሽቦ ቀዶት ነው፤ እየው!»

ዕዝራ ቀና ብሎ የኦቦ ነገሳን ጆሮ አየ። ኦቦ ዲሪባም አዩ። ኦቦ ነገሳ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አሳዩት። የጎደለችው እዚያው ናት፤ የምስር ፍሬ የምታክል።

«እኔ አላየኋትም ነበር» አለ ዕዝራ።

«እኔ ግን አየኋት» አለች ሄመን። «ቀዩ ላይ።»

ተያዩ። በዊንጌት ያሳለፏቸው ታክሲዎች ሁሉ በመካከላቸው ቆመው የጠበቁ መሰለ።

«ሽማግሌ ትልካለህ» አለች፤ የድሮ አንደበቷን ፈልጋ፤ «ወይስ ገና ጭራው ላይ ነህ?»

ኦቦ ነገሳ አሳላቸው። «ሽማግሌውን ቤቴ እጠብቃለሁ። አሁን ግን» አሉ፤ ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ፤ «ያንን ቀይ ከሥሬ አንሡልኝ። ሰሞኑን በቂ አይተናል።»

ማንም አልሳቀም። ዕዝራ ቀዩን አነሣው።

«በምትኩ ምን ላድርግ፣ ኦቦ? ነጭ? አረንጓዴ?»

«ሜዳዬን» አሉ።

ሄመን ከአጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአባቷ ሜዳ ስልኳ ውስጥ ነበረ።